ቤት ሲገባ የማይተኛው ላፕቶፕ

ባለቤቴ የንግግር ሐኪም ናት። በስትሮክ ወይም በአደጋ ምላሳቸው የተሳሰረባቸውን ሰዎች እንደገና አፍ ታስፈታለች። አፍ መፍታት የሕፃን ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እሷን ካገባሁ በኋላ ግን ዕድሜ ልኩን ሲናገር የኖረ ሽማግሌ እንደ አዲስ አፉን ሲፈታ አይቻለሁ። እኔ መስታወት ቆራጭ ነኝ። የእኔ ሥራ ቢበላሽ ሌላ መስታወት ይቆረጣል፤ የእሷ ግን ምትክ የለውም። ስለዚህ ከሁለታችን ትዕግሥት ያለው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

የሥራዋ ግማሽ ያለው ላፕቶፗ ውስጥ ነው። ታካሚዎቿ እቤታቸው ሆነው እንዲለማመዱ ራሷን እየቀረጸች ያዘጋጀቻቸው ቪዲዮዎች አሉ፤ ከንፈር ማሞጥሞጥ፣ ጉንጭ መንፋት፣ ምላስ አውጥቶ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ማዞር፣ ከዚያ ፊደል፣ ከዚያ ቃል፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገር። ጠዋት ጠዋት ክሊኒክ ይዛው ትሄዳለች። ከሰዓት በኋላ ከአልጋ መነሳት የማይችሉትን ቤት ለቤት ስለምትጠይቅ፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ትታው ትወጣለች። ታዲያ ይኼ ላፕቶፕ አንድ ሰሞን አልተኛም አለ።

ድሮ ትንሽ ካልነኩት ስክሪኑ ይጨልማል፣ ፋኑ ዝም ይላል፣ አንዲት ትንሽ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም እያለች እሱ ለጥ ብሎ ይተኛል። አሁን ግን ማታ ስትገባ ስክሪኑ ጨልሞ ሆዱ እንደ ወፍጮ ያጓራል። የመጀመሪያው ቀን ልብ ሳትለው ቻርጀር ሳትሰካ አደረች። በማግስቱ ክሊኒክ ደርሳ ስትከፍተው ባትሪው ሙጥጥ ብሎ አልቋል። ከሩቅ የመጣ ታካሚ አፉን ከፍቶ እየጠበቃት፣ እሷ ቻርጀር ፍለጋ ከክፍል ክፍል ስትሯሯጥ ማርፈዷን ነገረችኝ። "አፉን ከፍቶ" ያለችው ለነገር ማሳመሪያ አይደለም፤ እሷው ናት ክፈት ያለችው።

ከዚያ ወዲያ ቻርጀሩን እየሰካች ማደር ጀመረች፤ እሱም ሌላ ጣጣ አመጣ። ሌሊቱን ሙሉ ሲግል ያደረ ማሽን ጠዋት ሥራ ላይ ድርቅ እያለ ያስቸግራታል። ክዳኑን ለምን አትዘጊውም አልኳት። ክሊኒክ ውስጥ ክዳኑን ዘግታ ከትልቅ ስክሪን ጋር ስለምታገናኘው፣ ሲዘጋ እንዳይተኛ ያደረገችው ራሷ ናት። እንግዲያው አጥፊው አልኳት። ለመነሳት ሻይ የሚያፈላ ጊዜ እንደሚወስድ ነገረችኝና፣ አልተኛም ያለ ሁሉ የሚጠፋ ቢሆን አንተም ከአራስ ቤት ባልወጣህ ነበር አለችኝ።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ልንገራችሁ። አባቴ መኪና መንዳት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። በከተማችን መሪ ከሚጨብጠው ሰው ግማሹ በእሱ እጅ ያለፈ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። "ዳርህን ያዝ" ማለት ስለሚያበዛ ተማሪዎቹ ዳርያዝ የሚል ስም አውጥተውለት ነበር፤ ስሙን ይወደዋል። ድምፁ ከመኪናው ጥሩምባ ይበልጣል ይባልለት ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻውን ሲኖር ቆይቶ አንድ ቀን ጠዋት ስትሮክ መታው። እጅና እግሩ ቶሎ ተመለሱለት። አፉ ግን በቀኝ በኩል ዘመም ብሎ ቀረ፣ ቃላቱም ይንሸራተቱበት ጀመር። በተለይ እነ "ቀ"፣ እነ "ጠ"፣ እነ "ጨ"፣ እነዚያ ፈንዳ ብለው የሚወጡት ፊደሎች፣ ጨርሰው እምቢ አሉት። "ቀጥ በል" ሊል ሲያስብ "አት በል" የሚመስል ነገር ይወጣዋል። ሰው ምን አልክ ሲለው ደሙ ይፈላል፤ ሰው ገምቶ ሲጨርስለት ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ መናገሩን እየተወ መጣ። እኛ ጋ ገብቶ መኖር ከጀመረ በኋላ፣ በቀን ውስጥ ከአፉ የሚወጣው ቃል በጣት የሚቆጠር ሆነ።

እንግዲህ አንድ ቤት ውስጥ የንግግር ሐኪም አለች፣ መናገር ያቃተው ሰውም አለ። ለሰሚው እዳው ገብስ ይመስላል። ባለቤቴ መጀመሪያ በእርጋታ ጠየቀችው፤ ራሱን ወዘወዘ። ሌላ ቀን ጠየቀችው፤ መስኮት መስኮቱን አየ። ኋላ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ ቃላቱን እንደ ከባድ ዕቃ አንድ በአንድ እየጎተተ፣ ምራቴ ፊት ተቀምጬ ምላሴን ላውጣ? ጉንጬን እንደ ፊኛ ልንፋ? አለኝ። እሷ ስትገባ ከተጋደመበት ብድግ የሚል፣ ያለ ኮት ፊቷ ቀርቦ የማያውቅ ሰው ነው።

ሌላ ሐኪም ይይህ ብለን ወደ ሥራ ባልደረባዋ ላክነው። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንድ የድሮ ተማሪው አገኘውና፣ ጋሼ እርስዎም እዚህ ነዎት? ብሎ ተነስቶ ወንበር ለቀቀለት። ከዚያን ቀን በኋላ አባቴ ክሊኒኩ ባለበት መንገድ እንኳ አላልፍም አለ። ባለቤቴ አልገፋችውም። የሰው አፍ በጉልበት አይከፈትም አለችኝ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ወደ ላፕቶፑ ልመለስ። በቤታችን የኮምፒውተር አዋቂው እኔ ነኝ፤ ሹመቱን ያገኘሁት ተወዳዳሪ ስለሌለ ነው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ማውሱን ነበር። ጠረጴዛው ፍሪጁን ተጠግቶ ነው ያለው። ፍሪጁ በተነሳ ቁጥር ጠረጴዛው ይንዘፈዘፋል፤ ማውሱም የሰው እጅ የነካው እየመሰለው ላፕቶፑን ይቀሰቅሰዋል ብዬ ደመደምኩ። ማውሱን ገልብጬ በጀርባው አስተኛሁት። ማውሱ ተኛ፤ ላፕቶፑ አልተኛም። ፕሪንተሩን ነቀልኩ፤ አልተኛም። ኢንተርኔት ላይ ሰው የመከረውን ሁሉ ሞከርኩ፤ አፕዴት አደረግሁት፣ ዘግቼ ከፈትኩት፣ ሴቲንጉን ገልብጬ አየሁት። አንዱ ባትሪውን አውጥቶ መመለስ ፍቱን ነው ስላለ፣ ጀርባውን ልፈታ ብሎን መፍቻ ይዤ ስመጣ ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል፣ በቃ ጥገና ቤት እንውሰደው አለችኝ።

የጥገና ቤቱ ባለቤት ጎልማሳ ሴት ናት። ስትሠራ የፈታቻቸውን ብሎኖች ከንፈሯ መሀል ስለምትይዝ ሰፈሩ ሁሉ "ብሎኔ" ነው የሚላት። ባለቤቴ ደግሞ ባየቻት ቁጥር፣ አንድ ቀን ትውጪውና እኔ ጋ ነው የምትመጪው ትላታለች። ብሎኔ ላፕቶፑን ፈታታ አየችው፣ አቧራውን አራገፈችለት፣ መልሳ ገጠመችውና ጠረጴዛው ዳር አስቀምጣው ወደ ሌላ ሥራዋ ዞረች። እኛ በሽተኛ እንደሚያስታምም ሰው አጠገቡ ቆምን። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ጨለመ። ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ፋኑ ዝም አለ፤ ያቺ ትንሽ መብራትም ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ተኝቷል። ብሎኔ አፏ በብሎን ስለተያዘ በዓይኗ ብቻ፣ ታዲያ ምን ሆነ ነው የምትሉት? አለችን።

አቧራ ኖሯል ችግሩ ብለን ደስ ብሎን ይዘነው ገባን። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሳሎን ውስጥ እያጓራ ጠበቀኝ። መልሼ ወሰድኩት፤ እዚያ እንደደረሰ እንደ ጠገበ ሕፃን ተኛ። ብሎኔን፣ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው ይኼ ነው አልኳት። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ብሎኖቹን ከአፏ አወጣቻቸው።

"ሕመሙ እሱ ላይ አይደለም" አለች። "እቤታችሁ ውስጥ የማያስተኛው አለ።"

ስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝና፣ ሲያጓራ ስታገኘው ምንም ሳትነካ ደውልልኝ አለችኝ። ብዙም አልቆየ፤ ደወልኩላት። በስልክ እየመራችኝ አንድ ጥቁር መስኮት አስከፈተችኝ፣ ፊደል በፊደል እየነገረችኝ አንድ መስመር አስጻፈችኝ። ማሽኑን ራሱን "ማነው የከለከለህ?" ብሎ እንደ መጠየቅ ነው አለችኝ። መለሰልኝም። ያየሁትን ሳነብላት ሳቀች። ከዚያው ከቤታችን በዋይፋዩ በኩል ሌላ ዕቃ ገብቶ ፋይል ከፍቶበታል፤ እንግዳ ተቀምጦ ባለቤት ይተኛል እንዴ? አለችኝ።

ያኔ ትዝ አለኝ። አባቴ እኛ ጋ የመጣ ሰሞን የእህቴን ልጅ የሠርግ ቪዲዮ ማየት ፈልጎ ነበር። ቪዲዮው ያለው እዚሁ ላፕቶፕ ላይ ስለሆነ፣ የአባቴ ክፍል ያለውን ቴሌቪዥን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘሁትና ሠርጉን አብረን አየን። ከዚያ ነገሩን ረሳሁት። ለካ ቴሌቪዥኑ የያዘውን ሳይለቅ ይኸው እስከዛሬ አንጠልጥሎት ኖሯል ብዬ አሰብኩ። አባቴን መጠየቅ በሐሳቤም አልመጣ። ብሎኔ ባሳየችኝ መንገድ ግንኙነቱን ቆረጥኩት፣ ሻይ ቀድቼ ከፊቱ ተቀመጥኩ። ሻዩን ሳልጨርስ ላፕቶፑ ተኛ። ባለቤቴ ማታ ገብታ ጸጥታውን ስትሰማ በሩ ላይ ቆማ፣ አዋቂዬ ብላ አሞካሸችኝ። ለጥቂት ቀን ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ ግን አባቴ ተለወጠ። መጀመሪያ ያስተዋልኩት እኔ ነኝ፤ ሱቅ ውስጥ ትልቅ መስታወት ሳነሳ ወገቤን ቀጨም አድርጎኝ እቤት ተኝቼ ነበርና። ከምሳ በኋላ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘግቶ መቆየት ልማዱ ነው። አሁን ግን ይገባና ወዲያው ይወጣል። ሪሞቱን እንደያዘ ሳሎን ይመጣል፣ ላፕቶፑን ትክ ብሎ ያየዋል፣ ኪቦርዱን በአንድ ጣቱ ነካ ያደርገዋል፣ ከዚያ ደግሞ ይመለሳል። ሾርባውን ሳይጨርስ ይተወዋል። ሰላም ስንለው በእጁ ብቻ ይመልሳል። ባለቤቴ ሰጋች። የደም ግፊቱን ለካችው፤ ደህና ነው። እጇን አጥብቆ እንዲይዛት ጠየቀችው፣ ያዛት። የፊቱን ግራና ቀኝ በዓይኗ መረመረች። ሌላ ስትሮክ አልነበረም። ምን እንደሆነ ግን አላወቀችም፤ አለማወቋም እንቅልፍ ነሳት።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሪሞቱን ይዞ ሶፋው አጠገብ መጥቶ ቆመ።

"ፊልሙ" አለኝ። "ፊልሙ የለም።"

የትኛው ፊልም አልኩት። የሠርጉ ነው? ራሱን ወዘወዘ። ወገቤን ይዤ ተነሳሁና ከስልኬ ላይ ያለ የሌለ ፊልም ደረደርኩለት፤ የጦርነቱን፣ የሚያስቀውን፣ ስለ አንበሳ የሚተርከውን። አንዱንም አልፈለገም። እንግዲያው ስለምን የሚያወራ ነው ስለው ፊቱ ተለዋወጠ፣ መሬት መሬት አየ።

"ተወው" አለኝና ወደ ክፍሉ ሄደ።

ማታ ለባለቤቴ እንደ ቀልድ አጫወትኳት። ሰሃን እያጠበች ነበር። እጇ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቆመች።

"ከሠርጉ ሌላ ቴሌቪዥኑ ላይ ምን ይታይ ነበር?" አለችኝ።

ሠርጉን ለብቻው ነጥሎ ማውጣት ስለከበደኝ ፎልደሩን እንዳለ ነው የከፈትኩለት፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ይታያል አልኳት።

"ውስጡ ያለው እኮ የእኔ ልምምዶች ናቸው።"

የሰማሁት ነገር ቀስ እያለ ነው የገባኝ። አባቴ ምላሱን የሚያወጣው፣ ጉንጩን የሚነፋው፣ በሩን ዘግቶ፣ እኛ በሌለንበት ነበር። እኔ ደግሞ አዋቂው፣ አስተማሪውን ከፊቱ ነጠቅሁት። ባለቤቴ እጇን አደራርቃ፣ ሁሉንም እንደነበረ መልሰው አለችኝ። አሁን? አልኳት። አሁን አለችኝ። ላፕቶፑ እንደገና አልተኛም ይልሻል አልኳት።

"አይተኛ" አለችኝ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ሁለታችንም እንደ ወትሮው ተሰናብተነው ወጣን። እሷ የእውነት ታካሚ ይጠብቃታል፤ እኔም ወገቤ ሻል ብሎኝ ወደ ሱቅ ልሄድ ነበር። የመንገዱ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ግን ሳንነጋገር ሁለታችንም ቆምን፤ ተያየንና ተመለስን። በገዛ ቤታችን እንደ ሌባ በእግራችን ጣት ገብተን ኮሪደሩ ላይ ጆሯችንን አቁመን ቆምን።

መጀመሪያ የሰማሁት የባለቤቴን ድምፅ ነው። እሷ አጠገቤ አፏን ዘግታ ቆማለች፤ ድምፅዋ ግን ከአባቴ ክፍል ይመጣል። "የምላሳችሁን ጫፍ ከላይኛው ጥርሳችሁ ጀርባ አስደግፉ፣ ትንፋሻችሁን ያዙ፣ ልቀቁ። ጠ። ጠ። ጠ።" ከዚያ ጸጥ አለ። ቀጥሎ የአባቴ ድምፅ መጣ። "ተ" አለ። "ተ" አለ ደግሞ። ትንሽ ቆየና፣ ደረቅ ቅርንጫፍ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለች አንዲት "ጠ" ወጣችው። ራሱም ሰምቷታል። ቪዲዮውን አቆመው፣ ወደ ኋላ መለሰው፣ ከመጀመሪያው ጀመረ።

እጄን ወደ በሩ ስሰድ ባለቤቴ እጅጌዬን ይዛ ሳበችኝ።

"ተው" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ገብተን እናበረታታው እንጂ።"

"ካየነው ነገ አይሠራም። አስተማሪ ሰው ሲማር መታየት አይወድም።"

ወጥተን መንገድ ስንጀምር፣ እኔ ዓይኔን በመዳፌ እየጠረግሁ፣ እሷ ግን ሥራዋ ውስጥ ገብታ ነበር። ከጉሮሮው እየገፋ ነው አለችኝ። አገጩንም ሳያጠነክረው አይቀርም። ደግሞ የከንፈሩንና የትንፋሹን ልምምዶች ዘልሎ ፊደሉ ላይ ነው የገባው። ሞተር ስለማስነሳት ሳያውቅ መንገድ ልውጣ ያለውን ተማሪ ከመኪና ያወርድ የነበረ ሰው፣ በራሱ ሲመጣ ግን በአራተኛ ማርሽ ነው የተነሳው። ይኼን ስነግራት ሳቀች፤ እስክንለያይ ድረስ ግን እያሰበች ነበር።

ያሰበችውን ያወቅሁት ቅዳሜ አባቴ ለእግር መንገድ ሲወጣ ነው። ስልኬን እንድይዝላት አዘዘችኝና ግድግዳው ሥር ተቀምጣ አዲስ ቪዲዮ ቀረጸች። ማንንም ነጥላ አላናገረችም፤ ለታካሚዎቿ ሁሉ እንደምትናገረው ነው የተናገረችው። "አንዳንዶቻችሁ፣ በተለይ በሥራችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ መናገር የለመዳችሁ፣ ከጉሮሮ ትገፋላችሁ። አትግፉ። አገጫችሁን አላሉት። ትንፋሹ ራሱ ይሠራል።" ርዕሱን "ከሁሉ በፊት ይህን እዩ" ብላ ከዝርዝሩ አናት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ አንድ እየጨመረች፣ የዘለላቸውን ልምምዶች በሌላ መልክ እያሰናዳች ከተተችለት። እኔም ካሜራ ያዥ ሆንኩ።

የቀረው ላፕቶፑ ነበር። ከሰዓት በኋላ አባቴ ሲፈልገው ነቅቶ መገኘት አለበትና ብሎኔ ጋ ደወልኩ፣ እንዳይተኛ ምን ላድርግ አልኳት። እንዲተኛ ስትለፉ ከርማችሁ አሁን ደግሞ እንዳይተኛ ነው የምትሉኝ? አለችኝ። የሆነውን ስነግራት፣ ቪዲዮዎቹን በፍላሽ ገልብጣችሁ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰኩለት፣ በቃ ታርፋላችሁ አለች። ባለቤቴ አልተስማማችም። ፍላሹን ማን ሰካው ብሎ ይጠይቃል፤ ያኔ ማወቃችንን ያውቃል አለች። ስለዚህ ችግሩን ከነሕይወቱ ተውነው። ከሥሩ አየር እንዲገባለት ከተራረፈ ወፍራም መስታወት ትንሽ መቆሚያ ሠራሁለት፤ እሷም ማታ ስትገባ በእጇ ታስተኛዋለች። የረሳች ቀን ሲያጓራ ያድራል። ለምደነው ነበር።

አንድ ቀን እራት ላይ ነን። ድንች ቀቅዬ ነበር፤ ጨው መጨመሩን ረስቼዋለሁ። አባቴ አንድ ጎረሰና ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ጨው" አለ።

"ሸው" ወይም "አው" አይደለም ያለው። ጥርት ያለች፣ ጠርዝ ያላት "ጨው"። እኔ ቀና ብዬ ላየው ስል ባለቤቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ምንም እንዳልሆነ ሰው ጨዉን አነሳች፣ ይኸው አባባ ብላ በሁለት እጇ አቀበለችው። እሱም ምንም እንዳልሆነ ሰው ተቀብሎ ነሰነሰ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ነሰነሰ። እራታችንን በላን። ሰሃን ስናነሳ ባለቤቴ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ግንባሯን ደረቴ ላይ አስደግፋ ለትንሽ ጊዜ ቆመች።

ከዚያ በኋላ ቃላቱ መምጣት ጀመሩ፤ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ሆነው፣ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ጠፍተው። የታካሚ ዘመዶች ሁሉ ባለቤቴን በእንቁላሉ ተረት ስለሚያሰለቿት፣ ቀስ በቀስ የሚለውን ቃል እቤት ውስጥ አንናገረውም። ግን እንደዚያ ነበር የሆነው።

የመጨረሻውን ቪዲዮ ከከተተችለት ትንሽ ቆይቶ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ እሷ ጠረጴዛው ላይ እየሠራች፣ እኔ የመስኮቱን ጠርዝ እያጠበቅሁ ሳለ አባቴ ከክፍሉ ወጣ። ኮቱን ለብሷል፣ ቁልፎቹን ቆልፏል፣ ፀጉሩን አበጥሯል። የሚወጣ መስሎኝ ነበር። ወንበር ስቦ ከባለቤቴ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ብድግ ልትልለት ስትል በእጁ መለሳት።

"ልጄ" አላት። ቆየ። ትንፋሹን ሳበ፣ አገጩን አላላ፤ ያስተማረችውን አንዱንም አልዘለለም። "ቪዲዮዎቹን ጨርሻለሁ። የሚቀጥለው ትምህርት የት ነው ያለው?"

እኔ እጄ ላይ ያለውን ብሎን ጣልኩት። ባለቤቴ ግን አልደነገጠችም፣ አላለቀሰችም፣ እንዴት አወቁ፣ እንዴት አወቅን የሚባል ነገርም አላነሳችም። ላፕቶፑን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው።

"የሚቀጥለው ቪዲዮ የለውም፣ አባባ" አለችው። "እሱ ሰው ከሰው ጋር ነው የሚሠራው። የትኛው ላይ ነው የተቸገሩት?"

ረጅም ዓረፍተ ነገር ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ነገራት። እንዲያ ከሆነ አብረን እንሞክረው አለችው፤ መጀመሪያ ከንፈር፣ ከዚያ ምላስ፣ ከዚያ ትንፋሽ፤ እኔም አብሬዎት እሠራለሁ፣ እኔ ምላሴን ሳወጣ ያወጣሉ። አባቴ ለአፍታ አሰበበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አንተ ውጣ" አለኝ።

ወጣሁ። በሩን ከኋላዬ ዘግቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። በመስኮቱ አሻግሬ ማየት እችል ነበር፤ መስታወቱንም የገጠምኩት እኔው ነኝ። ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አብረው ይሠራሉ። ቪዲዮዎቹም በፍላሽ ተገልብጠው ቴሌቪዥኑ ላይ ስለተሰኩ ላፕቶፑ ነፃ ወጥቶ በሰዓቱ ይተኛል። አባቴ ዛሬ ደህና አድርጎ ይናገራል። አፉ በቀኝ በኩል አሁንም ትንሽ ዘመም ይላል፤ ሲደክመው ቃላቱ ይንሸራተታሉ። "ጰ" ብቻ እስካሁን አልመጣችለትም። ጳጳስ መኪና ካላስነዳሁ በቀር አታስፈልገኝም ይላል።

አንድ ቀን ታዲያ ልምምዳቸውን ጨርሰው ሻይ ሲጠጡ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ አላት። ቪዲዮዎችሽ ጥሩ ናቸው፣ ግን ትቸኩያለሽ አላት። "ጠ" በሉ ትዪና ሰውየው ምላሱን ገና እያስቀመጠ አንቺ ሌላ ላይ ነሽ። ተማሪ ሲሳሳት ዝም ብለሽ ጠብቂው፤ ስህተቱን ራሱ ካገኘው ሁለተኛ አይደግመውም። ባለቤቴ ሻይዋን አስቀምጣ እስክሪብቶ አመጣች፣ የትኛው ቪዲዮ ላይ፣ የቱ ጋ እያለች አንድ በአንድ ጠየቀችው።

ሁሉንም እንደገና ልትቀርጽ ወሰነች። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ስልኩን እይዛለሁ፣ እሷ ግድግዳው ሥር ትቀመጣለች፣ አባቴ ኮቱን ለብሶ አጠገቤ ወንበር ላይ ይሆናል። ስትቸኩል መዳፉን ወደ ታች አድርጎ በአየር ላይ ጫን ጫን ያደርጋል፤ እሷም ዓይኗ ከካሜራው ሳይነቀል ዝግ ትላለች። ባለፈው ቅዳሜ አንዲቷን ቪዲዮ ደጋግሞ አስጀመራት። ክንዴ ዝሎ ስልኩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው፣ ይኼኛው ይሁን ያላት።